የእህቴ ልጅ አጭር ነው፤ ራኒንግ ባክ መሆን ይችላል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ዓምድዎን ሳላነብ አላልፍም። ብዙውን ጊዜ የሚመልሱት ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ሩጫ ነው። የእኔ ጥያቄ ግን ትንሽ ወጣ ይላል፤ እንዳይስቁብኝ።

እህቴ የምትኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ አካባቢ ነው። ልጇ እዚያው ተወልዶ አሁን 16 ዓመቱ ነው። የአሜሪካኖቹን ኳስ፣ ያንን በእጅ የሚታቀፈውን፣ ይጫወታል። ቦታው ራኒንግ ባክ ነው ይላሉ። ልጁ ነፋስ ነው! ቪዲዮውን ሲልክልኝ እዚህ ደብረ ሲና ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቤ ነው ያሳየሁት። 40 ያርድ የሚሉትን መለኪያ ሩጫ በ4.7 ሰከንድ ይጨርሳል። ቁመቱ ግን 1.68 ሜትር፣ ክብደቱ 68 ኪሎ ነው። በቅርቡ አሠልጣኙ «አንተ ትንሽ ነህ፤ ፕሮፌሽናል እሆናለሁ ብለህ አታስብ» አለው። ከዚያ ወዲህ ልጁ ኩርፊያ ላይ ነው። እናቱ ደግሞ በሆዷ ደስ ብሏታል። ይሰበርብኛል ብላ ስለምትፈራ ቢተወው ነው የምትወደው። እኔ ሁለቱም እየደወሉ ያማርሩኛል።

እውነት ቁመት ይከለክላል? እኛ አገር ሯጩ ሁሉ ቀጭንና ቀላል አይደለም እንዴ? ደግሞስ በሶና ቅቤ ብንልክለት ይሞላ ይሆን?

አጎቱ ነኝ፣ ከደብረ ሲና

መልስ

ጋሼ፣ ምን ያስቃል! እንዲያውም ስጠብቀው የኖርኩት ጥያቄ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ከመመለሴ በፊት ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዚሁ ጨዋታ ቡድን ረዳት ነበርኩ። ረዳት ስልዎት ትልቅ ሥልጣን እንዳይመስልዎት። የተጫዋቾቹን ቁርጭምጭሚት በፕላስተር እጠቀልላለሁ፣ ውኃ አቀርባለሁ፣ ከልምምድ በፊትና በኋላ ሚዛን ላይ አወጣቸዋለሁ። ቢሆንም ሚዛን አጠገብ የቆመ ሰው ብዙ ጉድ ያያል። የቁመትና የክብደት መለኪያ ቀን ሲደርስ ካልሲ ደርቦ የሚመጣ አለ። አንድ ጠርሙስ ውኃ በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ሚዛን ላይ የሚወጣም አለ። «ትንሽ ነህ» መባልን የሚፈራው የእህትዎ ልጅ ብቻ አይደለም።

ቁርጡን ልንገርዎት። ቁመት አይከለክልም። ኪሎ ግን ይከለክላል፤ ቢያንስ በሩን ያጠባል።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ሁለት መስመር ልጨምር። ከእያንዳንዱ ወገን 11 ሰው ይሰለፋል። ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ከምናምን፣ ወደፊት መግፋት አለበት። ኳርተርባክ የሚባለው ልጅ ወይ ኳሱን ይወረውራል፣ ወይ አጠገቡ ለቆመው ራኒንግ ባክ ያቀብላል። የራኒንግ ባክ ሥራ ኳሱን ብብቱ ውስጥ ወትፎ በሰው መሐል ሰንጥቆ መውጣት ነው። ከፊት የሚጠብቁት 100 ኪሎም 140 ኪሎም የሚመዝኑ ሰዎች ናቸው።

ወደ ቁመት ልመለስ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ባሪ ሳንደርስ 1.73 ሜትር ነበር። በ1989 ኤን ኤፍ ኤል ከሚባለው የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ቡድኖች አንዱ፣ ዲትሮይት ላየንስ፣ በዓመቱ ምርጫ (ቡድኖቹ ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች በየተራ በሚወስዱበት) ሦስተኛ አድርጎ ወሰደው። አሥር ዓመት ተጫውቶ 15,269 ያርድ ሮጠ፤ በ1997 ብቻ 2,053። ቪዲዮውን ፈልገው ይዩት። ተከላካዩ እግሩ ላይ ሲወረወር እሱ የለም፤ ሣሩን ታቅፎ ይነሳል።

በሊጉ ታሪክ ኳስ ይዞ የኤሚት ስሚዝን ያህል የሮጠ የለም፤ 18,355 ያርድ። አብዛኛውን የሮጠው ለእህትዎ ልጅ ጎረቤቶች፣ ለዳላስ ካውቦይስ ነው። ቁመቱ 1.75 ነው። በ1990 ሲመረጥ «ያጥራል፣ ፍጥነትም የለውም» ብለው ስለተጠራጠሩት 16 ልጆች ቀድመውታል።

እኔ የምወደው ግን ሞሪስ ጆንስ ድሩን ነው። 1.70 ነው። በ2006 ምርጫ 60ኛ ወጣ። ሊጉ 32 ቡድኖች አሉት፤ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ አልፈውታል ማለት ነው። እሱም ቂሙን ደረቱ ላይ ጻፈው፤ 32 ቁጥር ማልያ ለበሰ። በ2011 በ1,606 ያርድ የሊጉ አንደኛ ሯጭ ሆነ። እንዲህ ዓይነት ቂም እንኳን ይባረክ።

ቁመቱ ልክ የእህትዎን ልጅ የሚያህልም አለ። ዳረን ስፕሮልስ ይባላል፤ 1.68። በ2005 አራተኛው ዙር ላይ ተመርጦ እስከ 2019 ድረስ ተጫውቷል። በ2011 በሩጫ፣ በመቀበልና ተጋጣሚ የመታውን ኳስ ይዞ በመመለስ በድምሩ 2,696 ያርድ ሄዶ የሊጉን የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ሰብሯል።

እንግዲህ ልጁ ይህን ሲያነብ «አላልኳችሁም!» ሊል ነው። ቆይ፣ ገና ሚዛን ላይ አልወጡም። ሳንደርስ 92 ኪሎ ነበር። ስሚዝ 98 ገደማ፣ ጆንስ ድሩ 95 ገደማ። ያ «ደቃቃው» ስፕሮልስ እንኳ 86 ኪሎ ነው። የእህትዎን ልጅ በ18 ኪሎ ይበልጠዋል፣ በአንድ ዓይነት ቁመት። እዚህ ደብረ ብርሃን ገበያ የመንዝ በግ የሚገዛ ሰው በጉ ስንት ክንድ ነው ብሎ አይለካም። ወገቡን ጨብጦ፣ ላቱን በእጁ መዝኖ ነው ዋጋ የሚጠራው። የአሜሪካ መልማዮችም ራኒንግ ባክን የሚያዩት እንደዚያው ነው፤ ጭኑን፣ ዳሌውን፣ ወገቡን። እነዚህ ሰዎች አጭር ናቸው እንጂ ትንሽ አይደሉም።

በዚህ ሊግ መደበኛው ራኒንግ ባክ 1.80 ሜትር ገደማ ቁመትና ከ95 እስከ 100 ኪሎ ክብደት አለው። ከቁመቱ አሥር ሳንቲ ቢጎድል ማንም ጉዳዬ አይለውም። ከኪሎው ሃያ ሲጎድል ግን ሌላ ወሬ ይጀመራል።

ኪሎ ለምን ይህን ያህል ተፈለገ? ሰው ሁሉ የሚያስበው ተከላካይን ገጭቶ ለማለፍ ነው። እሱም አለበት። እኔ ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ የተማርኩት ግን ሌላ ነው። ራኒንግ ባክ ኳስ ሳይዝ የሚሠራው ሥራ አለ። ኳርተርባኩ ሊወረውር ሲዘጋጅ ሊጥለው የሚመጣ ሰው አለ፤ እሱን መሐል ገብቶ ማስቆም የራኒንግ ባክ ዕዳ ነው። የእኛ ቡድን ውስጥ አንድ ጢንጦ ልጅ ነበር፤ 70 ኪሎ ቢሞላ ነው። ፈጣን፣ ቀልጣፋ፣ ሳቂታ። የማስቆም ልምምድ ላይ ላይንባከሩ፣ ማለትም ከተከላካዮቹ የፊት መስመር ኋላ የሚቆመው ልጅ፣ ከአምስት ሜትር ተንደርድሮ መጣበት። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጠበቀው። የትከሻው መከላከያ «ቋ!» ሲል ሜዳው ዳር ድረስ ተሰማኝ። ልጁ ወደ ኋላ በረረና ኳርተርባኩ እግር ላይ ወደቀ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ተጠቀለሉ። አሠልጣኙ አልጮኸም። ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገና «ቀጥል» አለ። እኔን የከነከነኝ ያ ጭረት ነው። በጨዋታ ቀን መወርወር የግድ ሲሆን ያ ልጅ ከሜዳ ይወጣ ነበር። ሜዳ ላይ የሌለ ሰው ደግሞ ምን ያህል ቢሮጥ ማን ያየዋል?

እሱው ልጅ በኋላ መላውን አገኘ። ጉልበቱን አጥፎ፣ መቀመጫውን ዝቅ አድርጎ፣ ከላይንባከሩ ደረት ሥር ይገባ ጀመር። እግሩን በአጭር በአጭሩ እየረገጠ፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ተክሎ። አላሸነፈውም፤ አዘገየው። ሥራው ደግሞ ማዘግየት ነው። እዚህ ላይ አጭርነት እንዲያውም ሀብት ነው። ረጅሙ ሰው ዝቅ ለማለት ይቸገራል፤ አጭሩ ከመጀመሪያውም እዚያው ነው።

መታጠፍም ላይ እንዲሁ ነው። በሙሉ ፍጥነት የሚሮጥ ከባድ ሰው አቅጣጫ ለመቀየር ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። የስበት ማዕከሉ ለመሬት የቀረበና ቀለል ያለ ሰው በአንድ እግር ነክሶ ይዞራል። ከትልልቆቹ የመስመር ሰዎች ጀርባ ሲሮጥም ተከላካዮቹ ቶሎ አያዩትም። ድንገት ነው ብቅ የሚልባቸው።

ትልቅ መሆንም የራሱ ጣጣ አለው። የናይጄሪያውን ክርስቲያን ኦኮዬን ይመልከቱ። ዲስከስ ወርዋሪ ሆኖ ነው አሜሪካ የሄደው፤ ይህን ኳስ የነካው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው። 118 ኪሎ ገደማ ነበር። በ1989 ለካንሳስ ሲቲ 1,480 ያርድ ሮጦ ሊጉን መራ። ሰው ሊጥለው ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍን ነበር ቢባል አልደነቅም። ግን ሊጉ ላይ የቆየው ስድስት ዓመት ብቻ ነው። ዴሪክ ሄንሪም አለ፤ 1.90 ሜትር ገደማ፣ 112 ኪሎ፣ በ2020 2,027 ያርድ። እሱ ከሰው ወገን መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ ለማንም ምሳሌ አይሆንም።

አሁን 4.7 ሰከንዱን እንይ። 40 ያርድ ማለት 36 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ቢል ባርንዌል የሚባል ጸሐፊ ፍጥነትንና ክብደትን የሚያጣምር ስሌት አውጥቷል። ክብደቱን በፓውንድ በ200 ያባዙታል፤ ከዚያ ሰዓቱን አራት ጊዜ በራሱ አባዝተው ያካፍሉታል። ውጤቱ 100 ከሆነ ደህና ነው። 180 ፓውንድ፣ ማለትም 82 ኪሎ የሆነ ልጅ በ4.5 ቢገባ 88 ያገኛል። 100 ኪሎ የሆነው ጓደኛው ዘግይቶ በ4.6 ቢገባ 98 ያገኛል። ከባዱ ዘግይቶ እንኳ በለጠው። የእህትዎ ልጅ በዛሬው ኪሎውና ሰዓቱ 61 ገደማ ነው። አይደንግጡ! ስሌቱ የተሠራው ኮሌጅ ጨርሰው ለሚመረጡ 21 እና 22 ዓመት ጎረምሶች ነው። ግን መንገዱ ወዴት እንደሆነ ያሳያል፤ ወይ ይክበድ፣ ወይ ይፍጠን፣ የሚሻለው ሁለቱም።

«የእኛ ሯጭ ሁሉ ቀጭን አይደለም እንዴ» ላሉት፣ እውነት ነው። አበበ ቢቂላ የተወለደው እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ሜንዲዳ አጠገብ ጃቶ ነው። በ1960 ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር በባዶ እግሩ ሲሮጥ ማንም አልገፋውም። በረጅም ሩጫ እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ ተሸክመውት የሚሄዱት ዕዳ ነው፤ ሰውነትንም ያግላል። ራኒንግ ባክ ግን አንዴ ሲነሳ ስድስት ሰከንድ ቢሮጥ ነው። ከዚያ ትንፋሹን ይሰበስባል። በእነዚያ ስድስት ሰከንዶች ውስጥ ሦስት ሰው ሊወድቅበት ይችላል። ሥራው ለየቅል ነው፤ አካሉም እንደዚያው።

ቀላል ሆነው የዘለቁ የሉም እያልኩ አይደለም። ዋሪክ ደን 85 ኪሎ አካባቢ ሆኖ 12 ዓመት ተጫውቶ 10,967 ያርድ ሮጧል። በ2023 ደግሞ ዳላስ ካውቦይስ 1.65 ሜትር የሆነውን ዱስ ቮንን በስድስተኛው ዙር 212ኛ አድርገው ወስደውታል። አባቱ የቡድኑ መልማይ ስለሆነ ለልጁ ዜናውን በስልክ የነገረው ራሱ ነው፤ ያንን ቪዲዮ አይቶ ዓይኑ ያላረጠበ ሰው ድንጋይ ነው። ግን ከተመረጠ በኋላ ብዙ ኳስ አልሰጡትም። ቀላል ልጅ በሩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋበትም፤ የሥራ ድርሻው ነው የሚቀየረው። በጨዋታ 25 ጊዜ ኳስ ይዞ የሚጋጭ ሳይሆን፣ ሜዳው ጠርዝ ላይ ወጥቶ የሚወረወር ኳስ የሚቀበልና የተመታ ኳስ የሚመልስ ይሆናል። ስፕሮልስ የበላው እንጀራ ይህ ነው። ስለዚህ ልጁ ከዛሬ ጀምሮ ኳስ መቀበል ይማር። እጁ ጥሩ ከሆነ ኪሎውን ሰው ይረሳለታል።

ስለ በሶው። በሶ ይላኩ፤ ጉልበት ይሰጣል፤ የአገር ቤት ጠረንም ለኩርፊያ መድኃኒት ነው። ቅቤው ይቅር። እሱ የሚያስፈልገው ጡንቻ እንጂ ቦርጭ አይደለም። ጡንቻ የሚመጣው ብረት ተሸክሞ ከመቀመጥና ከመነሳት፣ ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከሥጋ፣ ከምስርና በደንብ ከመተኛት ነው። ቤተሰቡ የሚጾም ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የዚህ ጨዋታ ከባዱ ልምምድ የሚጀመረው በኦገስት፣ ልክ ፍልሰታ ላይ ነው፤ የቴክሳስ ሙቀት ደግሞ አይጣል ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ሳይጠጡ እዚያ ፀሐይ ላይ መሮጥ አደገኛ ነው። ልጁ የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ለአሠልጣኙም ይንገረው። ቢጾምም ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ኦቾሎኒ በሰዓቱ ይብላ፣ ውኃ ይጠጣ። በየመደብሩ የሚሸጠውን «በወር ታብጣለህ» የሚል ዱቄት ግን አጠገቡ እንዳያደርስ።

በ16 ዓመት ቁመቱ ጥቂት ሊጨምር ይችላል፤ ባይጨምርም ግድ የለም። ጡንቻ ግን እስከ ሃያ ምናምን ዓመት ድረስ ይመጣል። በዓመት አራት አምስት ኪሎ ንጹሕ ጡንቻ ቢይዝ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ስፕሮልስን ያህላል። ቸኩሎ በአንድ ዓመት ልሙላ ካለ ፍጥነቱን ይበላበታል። ያኔ ሁለቱንም ያጣል።

አሠልጣኙስ? ጨርሶ አልዋሸም፤ አነጋገሩ ነው ያስቀየመኝ። ከሁለተኛ ደረጃ ተጫዋቾች ኮሌጅ ገብቶ የሚጫወተው ከመቶ ሰባት ገደማ ነው። ከኮሌጅ ተነስቶ ኤን ኤፍ ኤል የሚደርሰው ደግሞ ከመቶ ሁለት አይሞላም። 1.90 ለሆነውም ዕድሉ ጠባብ ነው። ስለዚህ ልጁ አጭር ስለሆነ ብቻ ተስፋ ቁረጥ ማለት ግፍ ነው፤ ደብተሩን ይጣል ማለትም ዕብደት ነው። ጥሩ ውጤት ያለው ቀልጣፋ ልጅ በኳሱ የኮሌጅ ወጪውን መሸፈን ይችላል። እሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

እህትዎ ግን ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም። በዚህ ቦታ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይጎዳል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ጭንቅላት ነው። ልጁ ተመትቶ ከዞረበት፣ ካስመለሰው፣ ብርሃን ካስጠላው፣ ያው ሰዓት ከሜዳ መውጣት አለበት፤ ሐኪም ሳያየው አይመለስም። ወንድነት የሚባለው ነገር እዚህ ላይ አይሠራም። ለእህትዎ ይህን ብቻ ይንገሯት። ልጁን «ተወው» ከማለት ይልቅ «ሲመታህ ትነግረኛለህ?» ብላ ቃል ታስገባው። ተው የተባለ ልጅ ይደብቃል፤ እኔ ፕላስተር ስጠቀልል ስንቱ «ለእማዬ እንዳትነግራት» ብሎኛል መሰለዎት።

አጭር ጥያቄ

ቲቸር፣ የሸዋ ሮቢት ተማሪ ነኝ። ሴት ነኝ፣ ቁመቴ 1.58 ነው። ይህን ኳስ ስልክ ላይ አይቼ ወደድኩት። ሳንጋጭ መጫወት የምንችልበት መንገድ አለ?

መልስ

አለ እንጂ! ፍላግ ፉትቦል ይባላል። በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ላይ በወንዶችም በሴቶችም ይካሄዳል። አምስት ለአምስት ነው። መጋጨት፣ መጥለፍ፣ መገፍተር ክልክል ነው። ኳስ የያዘችውን የምታስቆሚው ወገቧ ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅ ነጥቀሽ ነው። እዚህ ኪሎ ምንም አይጠቅምም። ወገቧን እንደ ልቧ የምታጥፍ፣ ቆም ብላ የምትነሳ ልጅ ናት የምታሸንፈው። 1.58 በጣም በቂ ነው፤ እንዲያውም ጨርቁ ለመሬት ስለሚቀርብ ረጃጅሞቹ ጎንበስ ለማለት ፍዳቸውን ያያሉ።

ሙሉ ሜዳው 64 ሜትር በ23 ሜትር ገደማ ነው፤ የእግር ኳስ ሜዳችሁ ግማሹ ይበቃል። ኳሱ ባይገኝ በሌላ ኳስ ጀምሩ። ለጨርቁ አሮጌ አንሶላ በክንድ ርዝመት ቅደዱና ቀበቶ ላይ በግራና በቀኝ ሰክታችሁ ተዉት። እንዳታስሩት ብቻ፤ የታሰረ ጨርቅ ሲነጠቅ ልጅቷንም ይዟት ይወድቃል።